ኖዝል ከማስቀየራችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የናፍጣ በርነር (ናፍጣና አየር ቀላቅሎ ምድጃውን የሚያነድ መሣሪያ) ጥገና አሠራራችንን ስለመቀየራችን

ጤና ይስጥልን።

ጥምቀት እየደረሰ ነው። ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ዳቦ ቤቱም ሆቴሉም ሌት ተቀን ይሠራል። በዚህ ሰሞን የሚደወልልን ስልክ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ምድጃው ሙቀት አነሰው፣ ከፍ ያለ ኖዝል ይዛችሁ ኑ።» ከአሁን በኋላ ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን የሚረጨውን አፍ፣ ብቻ ቀይረን አንሄድም። መጀመሪያ ናፍጣውና አየሩ እንዴት እንደሚቀላቀሉ እንፈትሻለን። ሥራው ከበፊቱ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድባችሁ ምክንያቱን ማወቅ አለባችሁ።

አንድ ኪሎ ናፍጣ በደንብ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ባሕር ዳርቻ ባለ አገር ይህ 12 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ሳሳ ይላል። ያንኑ ክብደት ለማግኘት እዚህ ከ15 ሜትር ኩብ በላይ አየር መግባት አለበት። ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ በርነር እዚህ ሲገጠም የሚያጨሰው ለዚህ ነው። ማራገቢያው እንደ ድሮው ይዞራል፣ የሚገፋው አየር ግን በክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀንሷል። በዚህ ላይ ትልቅ ኖዝል ሲጨመር እሳቱ የበረታ ይመስላል። ያልነደደው ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ የምድጃውን ብረት ይለብሳል። ጥቀርሻ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ሙቀቱ ሲያንስ እንደገና ትልቅ ኖዝል ይጠየቃል፤ የናፍጣው ወጪ ብቻ ይከመራል።

የአየሩና የናፍጣው መጠን ልክ ቢሆንም ገና አልጨረስንም። ለድስቱ የሚበቃ በርበሬ ገብቶ ካልተማሰለ አንዱ ጉርሻ ያቃጥላል፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። እሳትም እንዲሁ ነው።

ይህን የመቀላቀል ነገር እስከ ጥግ ያጠኑት የጋዝ ተርባይን (ነዳጅ ነድዶ በሚፈጥረው ትኩስ ጋዝ የሚሽከረከር ሞተር) መሐንዲሶች ናቸው። አዘዞ፣ በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሚያርፉት ባለ ፕሮፔለር የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ያለው ጋዝ ተርባይን ነው። ኤሌክትሪክ በሚያመነጩት ዘመናዊ ተርባይኖች ደግሞ ነዳጅ የሆነው ጋዝ ከመንደዱ በፊት ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ማለቅ አለበት። ለዚህ ያለው ጊዜ የሴኮንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ብቻ ነው። ስለዚህ አየሩን በዘመም ክንፎች መሃል አሳልፈው ያሽከረክሩታል፣ ጋዙን በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይረጩበታል። በአማካይ አየር የተትረፈረፈ ቢሆንም እንኳ አንድ ጥግ ላይ ነዳጅ ከተጠራቀመ እዚያ ነበልባሉ ከልክ በላይ ይግላል። ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው በካይ ጋዝ በፍጥነት ይጨምራል። ቅልቅሉ በጣም ሲሳሳ፣ ማለትም ነዳጁ ሲያንስ፣ በተቃራኒው እሳቱ ይርገበገብና ይጠፋል። እነሱ በክንፍ ዘመምታና በቀዳዳ አቀማመጥ ላይ የሚጨነቁት በከንቱ አይደለም።

በእናንተ በርነር ውስጥም የዚያ ክንፍ ታናሽ ወንድም አለ። ከኖዝሉ ፊት ያለችው፣ ዙሪያዋን ዘመም ያሉ ክፍተቶች ያሏት ክብ ብረት ናት፤ ዲፊዩዘር እንላታለን። አየሩን የምታሽከረክረውም፣ ነበልባሉን ከቦታው እንዳይርቅ የምትይዘውም እሷ ናት። ስንፈታት ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ያሉት ክፍተቶች እንደ ድንጋይ በጠጠረ ካርቦን ተደፍነው እናገኛቸዋለን። አየሩ በሌላው ወገን ብቻ ስለሚገባ ነበልባሉ ያዘነብላል፣ የምድጃውን ግድግዳ ይልሳል። ናፍጣው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሌላ ካርቦን ይሠራል። በኖዝሉና በዲፊዩዘሩ መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈም ያው ነው። የኖዝሉ የእርጭት አንግልም ከምድጃው ጋር መስማማት አለበት፤ ጠባብ ምድጃ ላይ 80 ዲግሪ የሚረጭ ኖዝል መግጠም ግድግዳውን በናፍጣ ማጠብ ነው።

ሌላም አለ። ኖዝሉ ላይ የተጻፈው የጋሎን ቁጥር (በሰዓት ስንት ጋሎን ናፍጣ እንደሚረጭ የሚናገረው) በ7 ባር ግፊት የተለካ ነው። ናፍጣውን የሚገፋው ፓምፕ 10 ባር ላይ ከተስተካከለ ያው ኖዝል ሃያ በመቶ ያህል የበለጠ ናፍጣ ይረጫል። የፓምፑን ብሎን ያጠበቀ ሰው ሳያውቀው ኖዝል ጨምሯል ማለት ነው። እባካችሁ ያንን ብሎን ማንም አይንካው።

መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የምትሠሩም ልብ በሉ። ፓምፑና ማራገቢያው የሚዞሩት በአንድ ሞተር ነው። ጄኔሬተሩ ጭነት በዝቶበት ዙሩ ሲወርድ ማራገቢያው ይደክማል። ፓምፑ ግን ግፊቱን በቫልቭ ስለሚጠብቅ ናፍጣው አይቀንስም። ያን ጊዜ ጭሱ ይጠቁራል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ምድጃ የምታቀጣጥሉ ዳቦ ቤቶች ደግሞ የቀዘቀዘ ናፍጣ ያስቸግራችኋል። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ጠብታው ይተልቃል፣ ትልቅ ጠብታ ቶሎ አይተንም። በርሜሉን ደጅ ከማሳደር ጣሪያ ሥር፣ ከእሳቱ ግን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ስናስተካክል በዓይን ብቻ አንፈርድም። ከጭስ ማውጫው በትንሽ የእጅ ፓምፕ ጭስ በነጭ ወረቀት ውስጥ አሳልፈን እንስባለን። ወረቀቱ ላይ የቀረውን ክብ ምልክት ከ0 እስከ 9 ካለው የጥቁረት መለኪያ ጋር እናስተያያለን። 0 ወይም 1 ካልሆነ ሥራው አላለቀም። ወረቀቱን ለእናንተ ትተን እንሄዳለን።

ከናፍጣው ወጪ በላይ የሚያሳስበን ግን የሠራተኞቻችሁ ጤና ነው። በደንብ ያልተቀላቀለ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሠራል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በከሰል ጭስ ሰው ሞተ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ጋዝ ነው። ሌሊት በር ዘግተው የሚጋግሩ ልጆች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካሉ፣ በርነሩን አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡና ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። ለእኛ ከዚያ በኋላ ትደውላላችሁ።

ለጥምቀት የምትዘጋጁ ቀጠሮ አሁኑኑ ያዙ። በርነሩን የምንፈታው ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሆነ፣ ስትደውሉ የማትጋግሩበትን ሰዓት ንገሩን። ጄኔሬተር ካላችሁ በእሱም ላይ ስለምንለካ ነዳጅ ይኑረው።

ከሰላምታ ጋር
የወርክሾፑ ባልደረቦች፣ ጎንደር