ከገንዘብ ሚኒስትርነት ወደ ዳኝነት ወንበር

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ፖለቲከኛ የነበረ ሰው ዳኛ ቢሆንም የሾመውን ወገን ከማገልገል አይመለስም የሚለው አስተያየት ተደጋግሞ ሲነገር ስለምሰማ፣ የካናዳዊውን የዳግላስ አቦትን ጉዳይ ለአንባቢዎቻችሁ ማንሳት ወደድሁ።

ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት አቦት በ1954 ከካቢኔው በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሻገሩት ቀደም ሲል በዳኝነት ሳይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ሹመት ቅር ቢያሰኝ፣ በእኔ እምነት፣ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1957፣ የካናዳ ክፍለ ሀገር የሆነችው የኩቤክ መንግሥት የኮሚዩኒዝም ፕሮፓጋንዳ ይሰራጭበታል ያለውን ቤት በሩ ላይ ጓጉንቸር አስገብቶ እስከ አንድ ዓመት እንዲያሽግ የሚፈቅደውን የ1937 ሕግ፣ አንዲት የሞንትሪያል አከራይና ተከራይዋ በተካሰሱበት መዝገብ ስምንት ዳኞች ሲሽሩ፣ አንዱ ብቻ ተቃወሙ። ከሻሪዎቹ አብዛኞቹ ሕጉ ከክፍለ ሀገር ሥልጣን ውጭ ነው በማለት ሲወስኑ፣ ከእነዚሁ ስምንት መካከል የመወያየትና የመከራከርን መብት የፌዴራሉ ፓርላማ ራሱ እንኳ ሊሽረው አይችልም ብለው የጻፉት አቦት ብቻ ነበሩ፤ ያውም አሥራ አራት ዓመት በአባልነት የተቀመጡበትን ፓርላማ! ከዚያም እስከ 1973 በወንበሩ ቆይተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ