ኤዲተሮቹ የተቆጡት ለውጥ ጠልተው አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ስለ ሙያችን የሚጽፍ ብዙ የለምና እናመሰግናለን። አንዱን አንቀጽ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አፕል በ2011 ፋይናል ከት ፕሮን ከመሠረቱ ቀይሮ ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን ሲያወጣ ባለሙያዎቹ የተቆጡት የለመዱትን መተው ስለከበዳቸው ነው ብላችኋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህን አባባል ከጀማሪ ኤዲተሮችም እሰማዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

እኔ ራሴ የአዲሱ ዲዛይን ደጋፊ ነኝ። የምጽፈውም የድሮው ናፍቆኝ አይደለም።

ፋይናል ከት በ1999 ሲወጣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚሠሩት አቪድ በሚባለው የኤዲቲንግ ሲስተም ነበር። አቪድ ከነማሽኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣ ነበር። ፋይናል ከት መጣና አንድ ማክ ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የባለሙያ ሥራ መሥራት ቻለ። ሰዎች ስቱዲዮ የከፈቱት፣ ልጆች ያሠለጠኑት፣ ደንበኛ ያፈሩት በእሱ ነው። ሲያረጅም አብረውት ነበሩ። ሰባተኛው ቅጂ ባለ 32 ቢት ስለነበረ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ሜሞሪ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ምስሉን አቀናብሮ ሲያዘጋጅ፣ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለውጥ ይምጣልን ብለው ሲወተውቱ የኖሩት ራሳቸው ኤዲተሮቹ ናቸው። አፕል ኤፕሪል 2011 ላስ ቬጋስ ላይ አዲሱን ሲያሳያቸው አዳራሹ በጭብጨባ ነበር የተቀበለው። ለውጥ የሚጠላ ሰው ያጨበጭባል?

ጁን 21 ሶፍትዌሩ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። የድሮው ጥቅል 1,000 ዶላር አካባቢ ስለነበረ በዋጋው ማንም አላማረረም። ችግሩ ሌላ ነው። በዚያው ቀን አፕል የድሮውን መሸጥ አቆመ። አዲሱ ደግሞ የድሮውን ፕሮጀክት አይከፍትም። አይሙቪ በሚባለው የአፕል ቀላል የጀማሪዎች ፕሮግራም የተሠራውን ይከፍታል፤ ባለሙያዎቹ ለዓመታት በፋይናል ከት የሠሩትን ግን አይከፍትም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ወዲያው ላይታየው ይችላል። የእኛ ሥራ ኤክስፖርት ተደርጎ ሲወጣ አያልቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ዘጋቢ ፊልም ያሠራ ድርጅት ተመልሶ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ቅጂ ይፈልጋል፣ ወይም የሥራ አስኪያጁ ስም ይቀየርልኝ ይላል። ፕሮጀክቱ ከተከፈተ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ካልተከፈተ ከዜሮ መጀመር ነው። ያውም ጥሬ ቀረጻው ካልጠፋ። እኛ አገር ይህን ከፎንት ጋር በተያያዘ በደንብ እናውቀዋለን። ዩኒኮድ የሚባለውን የጋራ የፊደል ደረጃ ባልተከተሉ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ርዕሶችን ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ስንከፍት አማርኛው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ በጽሑፉ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ፕሮጀክት ላይ እንዲህ ሲደርስ አስቡት።

ሁለተኛው ቅሬታ የቅብብል ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ኤዲተሩ ቆርጦ ሲጨርስ ድምፁ ወደ ድምፅ ባለሙያው ይሄዳል፤ ያኔ የሚሄደው ኦኤምኤፍ በሚባል የድምፅ መለዋወጫ ፋይል ነበር። ምስሉ የቁርጦቹን ዝርዝር በያዘ የኢዲኤል ወይም የኤክስኤምኤል ፋይል ወደ ከለሪስቱ፣ ማለትም ወደ ቀለም ባለሙያው፣ ይሄዳል። ብዙ ጣቢያዎች ደግሞ ያለቀውን ሥራ በካሴት ነበር የሚረከቡት። አዲሱ ሶፍትዌር ሲወጣ እነዚህ በሮች በሙሉ ተዘግተው ነበር። መልቲካም፣ ማለትም የብዙ ካሜራ ቀረጻን አንድ ላይ አቀናጅቶ መቁረጫው፣ እንኳ አልነበረውም። በሦስት ካሜራ ሰርግ ለሚቀርጽ የአዲስ አበባ ባለሙያ መልቲካም የሌለው ሶፍትዌር ምን ሊረባው እንደሚችል ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ታዲያ እዚህ ክርክሩ የልማድ ጉዳይ መስሎ የታየው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኛው ሥራችን በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በአንድ ሰው እጅ ስለሚያልቅ ነው። ያው ልጅ ይቆርጣል፣ ድምፁን ያስተካክላል፣ ቀለሙን ይሠራል፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። ለእሱ የተዘጉት በሮች አይታዩትም። የሚታየው መልኩ የተቀየረ ስክሪን ነው። ስለዚህ የሚያማርሩትን ሲሰማ ሰነፎች ይመስሉታል።

አሁን ወደ ዲዛይኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከጽሑፋችሁ ጋር እስማማለሁ። በድሮው አሠራር ታይምላይኑ፣ ማለትም ምስልና ድምፅ በቅደም ተከተል የሚቀመጡበት መስመር፣ ትራክ በሚባሉ ተደራራቢ ረድፎች የተደረደረ ነው። ከአንድ ቃለ ምልልስ መሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ስናወጣ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን ስንዘጋ ደግሞ ከላይ የደረብነው ምስልና ከታች ያስቀመጥነው ድምፅ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ አንዱን ትራክ እየቆለፍን፣ ሌላውን እየከፈትን ነው። የአዲሱ ሶፍትዌር ማግኔቲክ ታይምላይን ይህን ጣጣ አስቀረልን። ዋናው ታሪክ መስመሩን ይይዛል። የተደረበው ምስልና ድምፅ ከሚመለከተው ክሊፕ (የቀረጻ ቁራጭ) ጋር ይያያዛል። ክሊፑ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ክፍተቱም ራሱ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚናገርበት ዘጋቢ ፊልም ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሐሳቡን ያለ ፍርሃት ይሞክራል። ይህ ንግግር መጀመሪያ ቢመጣስ? ያመጣዋል፣ ያየዋል፣ ካልጣመው ይመልሰዋል። ኪወርድ የሚባለው መለያ ቃልም እንዲሁ ነው። ከረጅም ቀረጻ ውስጥ የሚፈልጋትን ቁራጭ ብቻ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ በኋላ ሲፈልጋት አያጣትም።

የድምፅ ባለሙያዎች ግን በዚህ አይስማሙም፤ ምክንያትም አላቸው። ለእነሱ ትራክ ማለት ሥርዓት ነው። ንግግር እዚህ፣ ሙዚቃ እዚያ፣ ኢፌክት ከታች። አፕል በትራክ ፈንታ ሮል የሚባለውን መለያ አመጣ። ሁሉም ክሊፕ በጥንቃቄ ምልክት ከተደረገበት ይሠራል። በችኮላ በሚሠራ ስቱዲዮ ግን ማን ምልክት ያደርጋል? እኔም ሙዚቃ ቪዲዮ ስሠራ ትራክ ያለው ሶፍትዌር ይሻለኛል። ዘፈኑ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ምስሉ ነው የሚለዋወጠው።

ቅሬታው የልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አፕል ቀጥሎ ያደረገውን ባላደረገ ነበር። ሴፕቴምበር 2011 ኤክስኤምኤልን መለሰ። ጃንዋሪ 2012 እስከ 64 ካሜራ የሚይዝ መልቲካም አመጣ፤ የብሮድካስት ሞኒተር (ባለሙያዎች ምስሉን የሚመረምሩበት ስክሪን) ማገናኛንም ጀመረ። የድሮውን ፕሮጀክት ወደ አዲሱ የሚያሻግር መሣሪያ ግን የሠሩት ሌሎች ናቸው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ሄዷል። አዶቢ ለሚሸሹት የራሱን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ፕሪሚየርን በግማሽ ዋጋ አቀረበላቸው፤ አቪድም ዋጋ ቀንሶ ተቀበላቸው። ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ አልተመለሱም።

የቀሩትም ነበሩ። በ2020 ኦስካር የምርጥ ፊልም ሽልማትን የወሰደው የደቡብ ኮሪያው ፓራሳይት ኤዲት የተደረገው በፋይናል ከት 7 ነው። ሽያጩ ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። ኤዲተሩ በዚያው ሥራ ለኦስካር ታጭቷል። ይህን ሰው በልማድ የታሰረ ልንለው እንችላለን? ያለው መሣሪያ ሥራውን ይሠራለት ነበር፤ በቃ።

ከሁሉ በላይ ግን የ2022ቱ ደብዳቤ መነበብ አለበት። ከ100 በላይ የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ለአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለቲም ኩክ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። እነዚህ ፋይናል ከትን የሚወዱ፣ በአዲሱ ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የጠየቁት ምን መሰላችሁ? ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚሠራበት አቅም እንዲሻሻልና አፕል ለፊልም ኢንዱስትሪው በይፋ እንዲቆም ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልፎ፣ ወዳጆቹ ራሳቸው የሚያነሡት ያንኑ የቅብብል ጉዳይ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የሶፍትዌር ባለቤት ዲዛይኑን እንደፈለገ የመቀየር መብት አለው። ግን አዲሱ የድሮውን ሥራ እስኪከፍት ድረስ የድሮውን ከገበያ ማንሳት የለበትም። ሰው የገዛው ፕሮግራሙን ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያስቀመጠው የዓመታት ሥራ አለ።

ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ኤዲተሮች ካሉ አንድ ነገር ልለምናቸው። ፋይናል ከትም ይሁን ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ፣ ሥራ ሲያልቅ ኤክስኤምኤሉን አውጡና ከቀረጻው ጋር አስቀምጡ። ጽሑፍ የሌለበት ንጹህ ቅጂ አውጡ። ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ኢፌክቱን ለየብቻ አስቀምጡ። ከ2019 ወዲህ የወጡት የማክ ሲስተሞች ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ጭራሽ አያስነሱም። ፋይናል ከት 7 ላይ የቀረ ሥራ ያለው ሰው አሮጌ ማክ ካለው አሁኑኑ ያውጣው።

ጸሐፊያችሁም በዚህ ርዕስ ሲመለሱ አንድ የድምፅ ባለሙያና አንድ ከለሪስት ቢያነጋግሩ ደስ ይለኛል። እስካሁን የተጠየቅነው እኛ ቆራጮቹ ብቻ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቪዲዮ ኤዲተር፣ ከአዲስ አበባ