ስለ ሥዕል ካርድ ልምምድ

ውድ አባላት፣

የሥዕል ካርድ ልምምድ ገና የማይናገር ልጅ የሚፈልገውን ነገር ሥዕሉ ያለበትን ካርድ ለሰው በመስጠት እንዲጠይቅ የምናስተምርበት ነው። «ልጁን ሥዕል ካስለመድነው ጭራሽ አፉን አይፈታም» የሚለውን ስጋት ብዙዎቻችሁ አንስታችኋል። ጥናቶች ግን ሥዕል ንግግርን እንደማያግድ ያሳያሉ፤ አንዳንድ ልጆች እንዲያውም ካርዱን እየሰጡ ቃሉን ማለት ይጀምራሉ።

የልምምዱ የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ልጁ የሚወደውን፣ ለምሳሌ ሙዝ ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሌላው ከኋላ ሆኖ፣ ልጁ ወደ ሙዙ ሲዘረጋ፣ ካርዱን አንስቶ እንዲሰጥ እጁን ይመራል። ካርዱ እንደተሰጠ ወዲያው «ሙዝ!» ብሎ ቁራሽ መስጠት ነው። ከኋላ ያለው አይናገርም፤ እርዳታውንም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ካርዱ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ በፕላስተር ካልተሸፈነ ግን ቶሎ ይቀደዳል።

በብዛት የሚያበላሸው «ምን ትፈልጋለህ?» እያሉ መጠየቅ ነው። ልጁ ጥያቄውን ይጠብቅና በራሱ መጀመርን ሳይለምድ ይቀራል። ሙሉ ሙዝ መስጠትም እንዲሁ፤ ከጠገበ ምን ብሎ ይጠይቃል? ካርዱን ልጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ መስቀልማ አፉን እንደ መዝጋት ነው።

ሥዕሎችን መለየት በኋላ፣ በሦስተኛው ደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አሥር ካርድ አትዘርጉ። አያትና ሞግዚትም ይህንኑ አሠራር ይወቁ፤ ልጁ ካርድ ሲሰጣቸው «ምንድን ነው ይሄ?» እንዳይሉት።