ጥላ የሌለው ዋርካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየሆቴሉና በየቢሮው «ዋርካ» ተብለው ከሚሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ ግራር ናቸው። አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ግንዱ ቀጠን ያለ፣ ከጀርባው ቀይ ጀምበር የምትጠልቅበት ዛፍ የቆላ ግራር ነው። ዋርካ ግንዱ አጭርና ወፍራም፣ ቅርፊቱ ለስላሳና አመድማ ነው፤ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ ቅጠሉም ሰፋፊ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ የዋርካ ጥላ ግን ድፍን ነው። ሽማግሌ ለዕርቅ፣ መንደርተኛ ለምክክር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት «ዋርካው ወደቀ» የምንለውም ጥላውን አስበን ነው።

ስለዚህ ሠዓሊው ከቅጠሉ ይልቅ ሊደክምበት የሚገባው መሬቱ ነው። ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ጥላው በጥቁር ቀለም ሲደፈን ነው፤ ከዛፉ ሥር ጉድጓድ የተቆፈረ ይመስላል። አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት ሲዬና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ እኩል ቀላቅሎ፣ ጥቂት ነጭ ጨምሮ በስሱ መቀባት ይሻላል። ሳሩም ጠጠሩም በጥላው ውስጥ መታየት አለበት። በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን በእኩለ ቀን ክብ ክብ ሆኖ መሬት ላይ ያርፋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሞላላል። በእኛ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ወደ ምዕራብ ወድቆ የዛፉን ቁመት ያህላል፤ ለሥዕል የሚመቸው ይህ ሰዓት ነው። በቅርንጫፎች መካከል የሚታየው ሰማይ ከገላጣው ሰማይ ደብዘዝ ይበል፤ አለበለዚያ ዛፉ የተበሳሳ ወረቀት ይመስላል።

ሰው ከተጨመረ ልኩ ይጠበቅ። 20 ሜትር ዛፍ ሸራው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የቆመ ሰው 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ዋርካው ቁጥቋጦ ይሆናል። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ እ.ኤ.አ. በ1822 በሳለውና በርሊን በሚገኘው «ብቸኛው ዛፍ» ላይ፣ ግንዱን ተደግፎ የቆመው እረኛ በጣም ትንሽ ነው፤ ዛፉ፣ ባሉጡ (ኦክ)፣ የገዘፈው በእሱ ትንሽነት ነው።

በዘይት ቀለም ለሚሠራ፦ የመጀመሪያው ቅብ በተርፐንታይን ይቅጠን፣ የተልባ ዘይቱ በላይኞቹ ላይ እየበዛ ይሂድ። ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና፣ የታችኛው ገና ሲደርቅ የላይኛው ይሰነጣጠቃል።

እናንተም የዛፍ ሥዕል ስታትሙ፣ ከሥሩ የምትጽፉትን የዛፉን ስም አጣሩልን።

ከአዲስ አበባ