ታልሙድ የደረቀ ሕግ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ማርቆስ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጋዜጣችሁን አነባለሁ። ሰሞኑን ስለ አይሁድ እምነት ያወጣችሁት ጽሑፍ የአይሁድ ሊቃውንት ክርክር የተጻፈበትን ታልሙድን የደረቀ የሕግ መዝገብ ነው ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈው። እኔ ግን እዚያች ላይ ቆምኩ።

በልጅነቴ ጎንጅ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። ትርጓሜም ጥቂት ጀምሬ አቋረጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የየኔታ «አንድም» ነው። የቃሉን ፍቺ ሰጥተውን ገና እፎይ ሳንል «አንድም» ይላሉ። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ሴፋሪያ ከሚባል ነፃ ድረ ገጽ ታልሙድን በእንግሊዝኛ ሳነብ የሰማሁት ይህንኑ ድምፅ ነው። እነሱ «ዳቫር አሐር» ይሉታል፤ ሌላ ነገር ማለት ነው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 አባት እናቱን አልሰማ ያለ ዐመፀኛ ልጅ ተወግሮ ይሙት ይላል። ሊቃውንቱ ሕጉን አልፋቁትም። በጥያቄ አጣደፉት እንጂ። ዕድሜው ስንት ነው? ስንት ሥጋ በላ? ስንት ወይን ጠጣ? ረቢ ይሁዳ ደግሞ አባትና እናቱ በድምፅ፣ በመልክና በቁመት ካልተመሳሰሉ አይፈረድበትም አለ። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ከየት ይምጡ! በኋላም፣ እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮ አያውቅም፣ አይኖርምም፣ የተጻፈው እንድንማርበት ነው ተባለ። እዚያው ሥሩ ረቢ ዮናታን፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ መቃብሩም ላይ ተቀምጫለሁ ይላል። እሱንም ማንም አልሰረዘው።

ዛሬ እምነታቸውን በዚህ ዘመን እንዴት እንኑረው የሚሉ አይሁድ ወደ ታልሙድ የሚመለሱት ለዚህ ይመስለኛል። ሮማውያን በ70 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሳቸውን ሲያቃጥሉ መሥዋዕት ቀረ፣ ካህናቱም ሥራ ፈቱ። ሁሉ ነገር ከፈረሰ በኋላ በትምህርትና በጸሎት እንዴት እንደገና እንደተነሡ የሚታየው እዚህ ነው። ሚሽና የሚባለው የታልሙድ መሠረት በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ተሰበሰበ። ያሸነፈው ሐሳብ ካለ የተሸነፈው ለምን ይጻፋል ብሎም ራሱ ይጠይቃል። መልሱ፣ ወደፊት የሚነሣ ሸንጎ ሊደገፍበት ይችላል ነው። ለወንዶች ብቻ ሲባል የኖረውን መጽሐፍ ዛሬ ሴቶችም ቁጭ ብለው ይከራከሩበታል።

የኛ አንድምታ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን አይጠራም። ታልሙድ ግን ማን አለ፣ ከማን ሰማ፣ ማን ተቃወመ ብሎ ይቆጥራል። በዚህ ቀናሁባቸው፣ አልዋሽም።

ሌላም አለ። ረቢ ዮሐናን የሙግት ባልንጀራው ሬሽ ላቂሽ ሲሞትበት ሌላ ሊቅ ተተካለት። አዲሱ ሰው የተባለውን ሁሉ በማስረጃ ይደግፋል። ዮሐናን ተናደደ። ሬሽ ላቂሽ 24 ተቃውሞ ያነሣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፣ ትምህርቱ የሰፋው በዚያ ነው አለ። እኔም ቅኔ ቤት አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ሌሊት ሙሉ ያወጣሁትን ጉባኤ ቃና ጠዋት በአንዲት ጥያቄ ያፈርሰዋል። ኮቸሯችንን ከአንድ አኩፋዳ እየበላን እንኳ ቂም እይዝበት ነበር።

የሚቆረቁረኝ ግን የአገራችን ሰዎች ጉዳይ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ይዘው፣ ታልሙድን ሳያዩ፣ በቄሶቻቸው እየተመሩ ሰንበታቸውን ጠብቀው ኖሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል። እስራኤል ሲገቡ ግን የረቢዎቹ አስተዳደር በውኃ የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ አላቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ለዚህ ተቃውሞ ወጡ። የተሸነፈን ሐሳብ ለሺህ ዓመት ያኖረ መጽሐፍ እጃቸው ላይ እያለ የቄሶቹን «አንድም» መስማት ረቢዎቹን ለምን ከበዳቸው? የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል የሆነው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ጽሑፉ የሚቀጥል ከሆነ እባካችሁ የቤተ እስራኤል ቄስ ፈልጋችሁ ጠይቁልን። ጋዜጣው ማርቆስ ዘግይቶ ስለሚደርስ ቢቆይም እጠብቃለሁ።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ
ከደብረ ማርቆስ