እንግሊዝኛውን ያዳከመው የስልክ ምህጻረ ቃል አይደለም

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ ተማሪው ራሱ የሚጽፈው አንቀጽ እንዲካተት ስለመጠየቅ

የፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር «ስልክ ላይ ቃል እየቆረጡ መጻፍ የልጆቹን እንግሊዝኛ አበላሸው» የሚል ወቀሳ ይሰማል። «ዩ» ለማለት አንዲት ፊደል፣ «ቱ» ለማለት 2 ቁጥር፣ «ግሬት» ለማለት ሁለት ፊደልና 8 ቁጥር የሚጽፍ ልጅ ከየት አምጥቶ ደህና እንግሊዝኛ ይጽፋል ይባላል። እኛ ደብተር የምናርም የእንግሊዝኛ መምህራን ግን ወቀሳው ያላግባብ ነው እንላለን፤ መሠራት ያለበትንም ሥራ እያዘገየ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የምርጫ ነው፤ ተማሪው መልሱን ይመርጣል እንጂ አንድም ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ምህጻረ ቃል እዚያ ውጤት ውስጥ የሚገባበት በር የለም።

ልጆቻችን በስልክ የሚጻጻፉትም ባብዛኛው አማርኛ ነው፤ ግማሹ በግዕዝ ፊደል፣ ግማሹ በላቲን። ቃል የመቁረጡ ልማድ የመጣው ከአጭር መልእክት ጥበት ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት በመሆኑ በላቲን 160፣ በግዕዝ 70 ፊደል ብቻ ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ቴሌግራም ላይ ይህ ጥበት የለም።

የኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን የእንግሊዝ ልጆች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጽሑፍ፣ ምህጻረ ቃል የሚያዘወትሩት በንባብ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን ገልጸዋል። እነዚያ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደኛ ክፍል ማምጣት አይቻልም። ምክንያቱ ግን ለኛም ያስተምራል፦ በ8 ቁጥር «ግሬት»ን የሚጨርስ ልጅ የቃሉን ድምፅ በጆሮው ለይቷል ማለት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ የሚጨርሰው ስህተት ሌላ ነው፤ ምንጩም የአማርኛ ሰዋስው ነው። እኛ «ያየሁት ሰውዬ» ስንል ተሳቢውን ግሡ ላይ እናስረዋለን። ተማሪውም «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም» ብሎ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ሂም» ትርፍ ነው። «ቤቱ»፣ «ልጅቷ» ስንል መለያውን ከስሙ ጭራ ስለምናስቀጥል፣ ከስሙ ፊት የሚቆሙት «ኤ» እና «ዘ» ይዘለላሉ። አጭሩንና ረዥሙን አናባቢ በጆሮ ስለማንለይ «መኖር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (አጭሩ «ሊቭ») «መልቀቅ» የሚለው (ረዥሙ «ሊይቭ») ሆኖ ይጻፋል። ከሁሉም የሚከፋው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። በአማርኛ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ማለት ያምራል። ያው ልማድ እንግሊዝኛው ላይ ሲዞር አምስት ግሥ በነጠላ ሰረዝ ተያይዞ፣ አራት ነጥብ የሚገባበት ቦታ ሳይታወቅ አንቀጹ ያልቃል። ይህን ስልክ መከልከል አያርመውም።

ደብተር ላይ የሚገቡት ምህጻረ ቃላት ቢቆጠሩ አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው፤ የሚታረሙትም በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው። አንድ የስልክ መልእክት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪዎቹ ያንኑ ሐሳብ ለርእሰ መምህር እንደሚቀርብ ማመልከቻ አድርገው ይጽፉታል፤ ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጠው ምን እንደተለወጠ ይናገራሉ። እኛስ ት/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ወ/ሮ እያልን ስንት ዘመን ጽፈን የለ? ቦታው ስለሚታወቅ አማርኛው አልተጎዳም።

የጎደለው የመጻፍ ልምምድ ነው፤ የጎደለበትም ምክንያት በሒሳብ ይታያል። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል አንድ አንድ አንቀጽ አጽፎ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ሰጥቶ ማረም 4 ሰዓት ይፈጃል። አምስት ክፍል የያዘ መምህር 20 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አያጽፍም። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ቢታረም፣ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት «ኤ» እና «ዘ»፣ በሚቀጥለው የዓረፍተ ነገር ማብቂያ፣ ለአንድ ደብተር 1 ደቂቃ ይበቃል፤ አምስቱም ክፍል በ5 ሰዓት ያልቃል። ይህ በመምህራን መመሪያ ውስጥ እንዲሰፍር እንጠይቃለን።

ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄያችን 120 ቃል የሚደርስ አንድ አንቀጽ በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲገባ ነው። «ማን ያርመዋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ተፈታኙ 600 ሺህ ቢሆን፣ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት አራሚ ለየብቻ 3 ደቂቃ ቢያየው 60 ሺህ ሰዓት ይሆናል። 1,000 መምህራን በቀን 6 ሰዓት ቢሠሩ በ10 ቀን ይጨርሱታል። የሁለቱ ነጥብ በሰፊው ከተራራቀ ሦስተኛ አራሚ ያየዋል። ከዚህ በፊት ግን አራሚዎቹ አንድ ቀን በናሙና ወረቀቶች ላይ ተቀምጠው ነጥብ አሰጣጣቸውን ማስማማት አለባቸው፤ ይህ ከተዘለለ ያው ወረቀት በአንዱ እጅ 15፣ በሌላው 8 ያገኛል።

ከ20 ነጥብ 8ቱ ለዓረፍተ ነገር አሠራር፣ 5ቱ ለግሥና ለጊዜ፣ 4ቱ ለሐሳብ ቅደም ተከተል፣ 2ቱ ለፊደል አጻጻፍና ለሥርዓተ ነጥብ ቢሆን ተገቢ ይመስለናል። ለምህጻረ ቃል የቀረችው 1 ነጥብ ትበቃለች።

ከአክብሮት ጋር
በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የምናስተምር የእንግሊዝኛ መምህራን