አባባ፣ ጎፈሩን ለማንም እንዳይሸጡብኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? ጾሙን እንዴት ይዘውታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ ብሶበታል፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ካልመጣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እርስዎም ካልጮኽኩ አይሰሙኝም፣ ይሄ ደግሞ እየጮኹ የሚያወሩት ነገር አይደለም። የወንድሜ ልጅ ቀስ እያለ ያንብብልዎ።

እህቴ ጋ ስዊዘርላንድ ደርሼ መመለሴን ሰምተዋል። የምትኖርበት ከተማ ባዝል ይባላል። ራይን የሚሉት ትልቅ ወንዝ መሀል ለመሀል ያልፋል። እዚያ ሳለሁ አንድ በዓል ደረሰ፣ እና ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የእርስዎ የአንበሳ ጎፈር ከሐሳቤ አልወጣም።

በዓሉ ካርኒቫል ነው። እኛ በቅበላ እንደምንበላውና እንደምንጠጣው እነሱም ጾማቸው ሳይገባ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጭምብል አጥልቀው አደባባይ ይወጣሉ። የባዝሎቹ ግን ለየት ይላሉ። አብዛኛው ከተማ ጨርሶ ጾም ከያዘ በኋላ ነው የሚጀምሩት፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ መጋቢት 1 ቀን ነበር የዋለው። እኛ ጾም ከያዝን ሁለት ሳምንት አልፎናል ማለት ነው። አይስጉ፣ እህቴም እኔም ጾማችንን አልሻርንም። ሊነጋጋ ሲል ብዙ ሰው የሚጠጣው በተቆላ ዱቄት የሚሠራ ሾርባ አለ፣ አይብ ስለሚጨምሩበት እኛ በሻይ አለፍነው።

9 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ስንወጣ ሰው በጨለማ ይተማል፣ ሕፃን በትከሻው የተሸከመ፣ አሮጊት እናቱን ክንዷን ይዞ የሚደግፍ። ሰዓቱ አልከበደኝም፤ እርስዎ ለማሕሌት ሲቀሰቅሱን ያደግን ልጆች ነን። ልክ 10 ሰዓት ሲሆን የመሀል ከተማው የመንገድ መብራት በአንዴ ድርግም አለ። ሆን ተብሎ ነው የሚጠፋው። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ ትእዛዝ ሰጠ፣ ወዲያው ከየአቅጣጫው ከበሮው ተመታ፣ ፒኮሎ የሚሏት ከዋሽንት የምታጥር ነገር አለች፣ እሷ በመቶ ሆና በአንድ ላይ ስትጮህ አባባ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ሥዕል የተሳለባቸው፣ ከውስጣቸው የሚበሩ ፋኖሶች በጠባቡ መንገድ መጡ። ለባሾቹም እያንዳንዳቸው ራሳቸው ላይ ትንሽ ፋኖስ አስረዋል።

ጭምብሉ ፊት ብቻ የሚሸፍን እንዳይመስልዎ። ራስን በሙሉ ይውጣል። ድሮ ወረቀት በሙጫ እየደራረቡ ነበር የሚሠሩት፣ አሁንም እንደዚያ የሚሠሩ አሉ። አፍንጫው ክንድ የሚያህል አለ፣ ጸጉሩ እንደ ገብስ ነዶ የቆመ አለ። ለባሹ በሰው ፊት አያወልቀውም። ተመልካች ደግሞ ጭምብል አያደርግም፣ ፊቱንም አይቀባም። ይሄ ሥርዓት ደስ አለኝ። ጭምብል ያጠለቀ ሰው የፈለገውን ይናገራል፤ በየዓመቱ ባለሥልጣኑን፣ ባለሀብቱን፣ በዓመቱ የተሠራውን ስሕተት ሁሉ እያነሱ በፋኖሱ ሥዕልም በግጥምም ይሸነቁጡታል። ማታ ማታ በየምግብ ቤቱ እየዞሩ ግጥም የሚያወርዱም አሉ፣ እርስዎ ቢሰሙ ቋንቋውን ባይችሉም ከሰዉ ሳቅ አዝማሪ መሆኑ ይገባዎታል። እንዲህ ሆኖ 72 ሰዓት ይቆያል፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያበቃል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሁለተኛው ቀን አንድ ቡድን በአጠገባችን አለፈ። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት ጭምብል ያደረጉ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሰው ነበሩ። ትንሹ ከበሮ ይመታል። ትልቁ ፒኮሎውን ይነፋል። ፊቱን ማየት አይቻልም፣ እጁን ግን አየሁት። መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ደም ሥሩ የወጣ፣ ቆዳው ጠቃጠቆ የበዛበት የሽማግሌ እጅ። ጣቶቹ ግን ቀዳዳዋ ላይ ሲሮጡ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር የሚመስሉት። ልጁ ምቱ ሲጠፋበት ሽማግሌው ዘወር አይልም፣ እግሩን ብቻ ጠንከር አድርጎ ይረግጥለታል። ልጁም በእግሩ ተመርቶ ይመለሳል። እህቴ እንደነገረችኝ ብዙዎቹ ቡድኖች የልጆችም የሽማግሌዎችም ክፍል አላቸው፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ይለማመዳሉ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እህቴም አለቀሰች፣ ሁለታችንም ማንን እንዳሰብን አልተጠያየቅንም።

ጎርጎራ ላይ ታቦቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ እርስዎ የአያቴን ጎፈር ደፍተው፣ ለምዱን ደርበው፣ ጋሻውን አንግበው ከፊት ሲፎክሩ ትዝ ይለኛል። አባቴ መሆንዎን እያወቅኩ እፈራዎት ነበር። ድምፅዎ ይለወጥ ነበር። ከእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ ነው የማይዎት፣ ከዚያ ፉከራው አልቆ ጎፈሩን አውልቀው ላብዎን ሲጠርጉ ሮጬ እመጣለሁ። አያቴ በጣሊያን ጊዜ በረሃ ሳሉ ያደረጉት እንደሆነ የነገሩኝም ያኔ ነው።

ወንድሜ ነገረኝ። የጥንት ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ጠይቆዎታል አሉ፣ እርስዎም «ከእንግዲህ ማን ይለብሰዋል» ብለዋል። አባባ፣ እኔ ልንገርዎ ማን እንደሚለብሰው። የልጅ ልጅዎ፣ የእኔ ልጅ ይለብሰዋል። ዘንድሮ ለጥምቀት እዚህ ባሕር ዳር ጓደኞቹ ሁሉ ጽሑፍ የታተመበት ቲሸርት አሠርተው ወጡ፣ እሱም ወጣ። ክፉ አይደለም፣ ለታቦት ምንጣፍ ሲያነጥፉ ውለው ነው የሚያድሩት፣ እግዜር ይባርካቸው። ግን ማታ መጥቶ «የአያቴ ጎፈር የት ነው ያለው?» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። ስልኬን ይዞ ጠፋ፣ ለጓደኞቹ ሁሉ ላከው።

የባዝል ሰዎች በዓል በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ዘንድ ተመዘገበ፣ የኛ ጥምቀት ደግሞ በ2019። ደስ ይላል። ጎፈሩን ከሳጥን አውጥቶ ለልጅ የሚያለብሰው ግን ዩኔስኮ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት። ፉከራውንም የሚያውቀው ከቤታችን እርስዎ ብቻ ነዎት። ወንድሜ ግማሹን እንኳ አይችለውም፣ ጠይቄዋለሁ።

ለፋሲካ እንመጣለን፣ ልጁንም ይዤ። ክረምቱን እርስዎ ጋ ይከርማል፣ ትምህርት ሲዘጋ አመጣዋለሁ፣ ከአባቱ ጋር ተነጋግረናል። ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ፉከራውን ያስተምሩት። ጉልበትዎ ካልቻለ ተቀምጠው ያስተምሩት፣ እኔ ስልኬ ላይ እቀዳዋለሁ። ጎፈሩን እስከዚያ ከሳጥኑ ያውጡትና ጥላ ላይ ያናፍሱት፣ ፀሐይ አያግኘው፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን በወንድሜ እልካለሁ። የለምዱ ጠርዝ ተተርትሯል ብለውኝ ነበር፣ እሱን እዚህ የሚሰፋ ሰው አግኝቻለሁ።

ነጋዴው ተመልሶ ከመጣ «ልጄ ወስዳዋለች» ይበሉት።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር